ራጅ የማያሳየው ስብራት፦ የአጥንት እድገት ሰሌዳ ጉዳት ሕክምና ታሪክ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች

መግቢያ

የአጥንት ስብራት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ጉዳት ነው። የተሰበረን አጥንት መልሶ የማቃናት ጥበብም እንዲሁ ከጽሑፍ በፊት የነበረና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ከስብራት ዓይነቶች አንዱ፣ ማለትም እድገቱን ባልጨረሰ ልጅ አጥንት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ስብራት፣ ለወጌሻውም ሆነ ለሐኪሙ ለረጅም ዘመን ተሰውሮ ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉዳት የሚደርስበት ክፍል በእጅ ሲዳሰስ ከመገጣጠሚያው አይለይም፤ በራጅ ሲታይም እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ከመታየት በቀር ራሱን አይገልጽም። መዘዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዕለቱ ሳይሆን ከወራትና ከዓመታት በኋላ፣ ባጠረ እግር ወይም በተጣመመ ክንድ ነው።

ይህ ክፍል በሕክምና ቋንቋ ፋይሲስ የሚባለው ሲሆን በአማርኛ የእድገት ሰሌዳ ሊባል ይችላል። በረጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ የሚገኝ፣ ገና ወደ ጠንካራ አጥንትነት ያልተለወጠ የካርቲሌጅ ንጣፍ ነው። አጥንት በቁመት የሚያድገው ከዚህ ንጣፍ ነው። በአፍላ ወጣቶች ዘንድ ከመገጣጠሚያው ጅማቶች ይልቅ የሚደክመው ይኸው ሰሌዳ በመሆኑ፣ አዋቂን ሰው ወለምታ ብቻ የሚያደርስበት አወዳደቅ በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም «ወለምታ ነው» የሚለው አባባል በዚህ ዕድሜ በቀላሉ ሊነገር የሚገባው ቃል አይደለም።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በጌራ አካባቢ የዚህ ጉዳት ሕክምና ሦስት ዘመናትን አቋርጧል፤ የእጅ ዘመንን፣ የራጅ ዘመንንና የሕክምና ትምህርት ቤትን ዘመን። እያንዳንዱ ዘመን ለቀጣዩ ያወረሰው ዕውቀት አለ፤ ሳይሞላው የተወው ጉድለትም አለ።

የወጌሻ ዘመን

ጅማ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የታወቀች የንግድ ማዕከል ነበረች። በጅሬን ቤተ መንግሥት አቅራቢያ የሚውለው የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎችን ያስተናግድ ነበር። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከከፋ የሚጫነው ቡና የሚጓጓዘው በበቅሎና በፈረስ ነበርና፣ ከእንስሳ ላይ መውደቅ የዘመኑ የተለመደ አደጋ መሆኑ አያጠራጥርም። ቡናው ራሱ የሚበቅለው በትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ነው። ልጆች ለፍሬ፣ ለማገዶና ለንብ ቀፎ በሚወጡባቸው በእነዚሁ ዛፎች የሚደርሰው አደጋም ከዚያ ዘመን ወዲህ አልቀረም።

የተሰበረው ሰው የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነበር። ወጌሻው በጣቶቹ እየዳሰሰ የስብራቱን ቦታ ይለያል፤ አካሉን ስቦ ያስተካክላል፤ በቅቤ ያሻል፤ ከዚያም በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ያስራል። በየጥቂት ቀኑም እየፈታ ይመለከታል። የዚህ ሙያ ጥንካሬ ሊካድ አይገባም። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያው ከቤተሰቡ አቅም ጋር የሚመጣጠን ነው፤ የልጁን አባትና እናት ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽተኛውን ተመልሶ ያያል። በአጥንቱ መካከል ለሚደርስና እምብዛም ላልተዛባ ስብራት ይህ በቂ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የልጅ አጥንት ፈጥኖ የመግጠም ተፈጥሮ አለውና።

ጉድለቱ በሁለት ነገሮች ላይ ነበር። አንደኛው የማሰሪያው ጥብቀት ነው። ስብራት በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አካሉ ያብጣል፤ ማሰሪያው ካልላላ ግን ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል፤ ጡንቻው ይሞታል፤ በመጨረሻም ጋንግሪን ይከተላል። በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረ የክንድ ስብራት እጅን ወደ ማስቆረጥ የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው መደጋገም ነው። የእድገት ሰሌዳው በተጎዳ ቁጥር እንደገና ሲታሽና ሲጎተት በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይደቃሉ፤ ለአዋቂ ሰው የሚያመው ብቻ የሆነው መታሸት ለአፍላው ወጣት የእድገት ማቆሚያ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሲያነሱ ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። በጥብቅ በማሰር የሚመጣው ጉዳት የኢትዮጵያ ወጌሾች ብቻ ስህተት አልነበረም። የሆላንድ ጦር ሐኪም የነበረው አንቶኒዩስ ማታይሰን እ.ኤ.አ. በ1852 በጄሶ የተነከረ ፋሻን ካስተዋወቀ በኋላ በአውሮፓ ሆስፒታሎችም ተመሳሳይ አደጋ ይደርስ ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ከጠባብ ማሰሪያ የተነሳ ጡንቻው ሞቶ የሚኮራመተውን እጅ በዝርዝር ገለጸ፤ ጉዳቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ አደጋው ከቀርከሃውም ሆነ ከጄሶው ሳይሆን እብጠትን ካለመጠበቅ የሚመጣ ነው።

ከዶሮ አጥንት እስከ ራጅ

አጥንት ከየት እንደሚያድግ የተረጋገጠበት ሙከራ እጅግ ቀላል ነበር። እንግሊዛዊው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ እስቴፈን ሄልስ በአንዲት ጫጩት የእግር አጥንት ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አበጀ። ከሁለት ወር በኋላ ሲመረምረው አጥንቱ ረዝሟል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን እንደነበረ ነው። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1727 ነበር። አጥንት የሚያድገው ከመሀሉ ሳይሆን ከጫፎቹ መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሊዮኑ ሐኪም ሊዮፖልድ ኦሊየ በዚህ የእድገት ካርቲሌጅ ላይ ሰፊ ምርምር አደረገ፤ ሌላው ፈረንሳዊ ፉሼ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1863 የአጥንት ጫፍ መላቀቅን በዓይነት ለመከፋፈል ሞከረ። ይሁንና እነዚህ ሐኪሞች ጉዳቱን በትክክል ሊያዩ የሚችሉት በአስከሬን ወይም በተቆረጠ አካል ላይ ብቻ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ያገኘው ጨረር ነው። የዚህ ጨረር ታሪክ ገና ከጅምሩ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይወሳም። ግኝቱ ይፋ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1896 የጸደይ ወቅት፣ ጣሊያናዊው የጦር ሐኪም ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ፈልጎ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኞች አገልግሎት የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ እንደሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

በ1898 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ፖላንድ ስለ አጥንት ጫፍ መላቀቅ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ፤ ክፍፍሉም ለኋለኞቹ መሠረት ሆነ። የሊቨርፑሉ የራጅ ባለሙያ ቻርልስ ተርስተን ሆላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ከእድገት ሰሌዳው ጋር ተያይዛ ከአጥንቱ ግንድ የምትገነጠለውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አመለከተ። ሰሌዳው ራሱ በራጅ ባይታይም እርሷ ትታያለች። ራጅ የሚያነብ ባለሙያ እስከ ዛሬ በመጀመሪያ የሚፈልጋት ምልክት እርሷ ናት።

ሆስፒታል በጅማ

ራጅን ለጦርነት ቁስለኞች የመጀመሪያ ያደረገው የጣሊያን ጦር ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያን ወረረ። ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ካደረገ በኋላ በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቹ አገልግሎት የሚሆን ሆስፒታል በከተማዋ አቋቋመ። ከነፃነት በኋላ ሆስፒታሉ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተላለፈና በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተሰየመ። ራስ ደስታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1937 በወራሪው ጦር የተገደሉ አርበኛ ናቸው። ወራሪው ለራሱ የሠራው ቤት በገደለው አርበኛ ስም ለአገሬው ሕዝብ መከፈቱ በራሱ የሚታወስ ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ተባለ፤ ከዚያም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆነ። ዛሬም በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ዋነኛው የሪፈራል ሕክምና ማዕከል ነው።

ለአካባቢው የጤና አገልግሎት ትልቁ ለውጥ ግን ከሕንፃው ይልቅ ትምህርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ኢንስቲትዩቱ የተመሠረተበት ፍልስፍና ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሲሆን፣ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በገጠርና በከተማ ሕዝብ መካከል እየሠሩ እንዲማሩ ያደርጋል። በ1999 ኢንስቲትዩቱ ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ2009 ደግሞ ጅማ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ከጀመሩት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆነ። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥልጠና ዓላማ ልዩ ሐኪም በማይገኝባቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ሕይወት አድንና አካል አድን ቀዶ ሕክምና እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ከጌራ ወይም ከሊሙ የሚመጣ ስብራት የደረሰበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው የአጥንት ስፔሻሊስትን ሳይሆን ነርስን፣ ጤና መኮንንን ወይም ጠቅላላ ሐኪምን ነው። የእድገት ሰሌዳው ዕጣ የሚወሰነውም በአመዛኙ በእነዚህ እጆች ነው።

አምስቱ ዓይነቶች

እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት ሶልተርና ሮበርት ሃሪስ የተባሉ የቶሮንቶ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ክፍፍል አወጡ። በመጀመሪያው ዓይነት ስብራቱ በሰሌዳው ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ አጥንቱ ካልተዛባ ራጁ ፍጹም ጤናማ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት በሰሌዳው አልፎ ወደ አጥንቱ ግንድ ይወጣል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋጥመውም እርሱ ነው። ሦስተኛው ከሰሌዳው ወደ መገጣጠሚያው ይገባል። አራተኛው ከመገጣጠሚያው ተነሥቶ ሰሌዳውን አቋርጦ እስከ ግንዱ ይዘልቃል። አምስተኛው የሰሌዳው መደቆስ ነው፤ በዕለቱ ራጅ ፈጽሞ የማይታይና ብዙ ጊዜ እድገት ከቆመ በኋላ ብቻ የሚታወቅ ነው።

ክፍፍሉ የተወደደው ከሕክምናው ጋር ስለሚሄድ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው በአብዛኛው በሰመመን በዝግታ ተቃንተው በጄሶ ይድናሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ከቦታቸው ከተነቃነቁ የመገጣጠሚያው ገጽና ሰሌዳው በትክክል እንዲገጥሙ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በሰሌዳው ውስጥ ማለፍ ግድ ሲሆን ጥርስ የሌለው ለስላሳ ሽቦ እንጂ ብሎን አይታለፍበትም። ይሁንና ከዚያ በኋላ የተገኘው ልምድ ዓይነቱ ብቻ በቂ እንዳልሆነ አስተምሯል። ከጉልበት በላይ ባለው የጭን አጥንት ጫፍ የሚደርስ ሁለተኛ ዓይነት ስብራት፣ በእጅ አንጓ ከሚደርሰው ተመሳሳይ ስብራት ይልቅ እድገትን የማቆም ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ቦታውም እንደ ዓይነቱ መመዘን አለበት።

የዕድሜ ጥያቄ

የአፍላ ወጣት ስብራት ከሕፃኑም ከአዋቂውም የሚለይበት ምክንያት ሰሌዳው በመዘጋት ላይ በመሆኑ ነው። በጉልበት አካባቢ ሴቶች በ14፣ ወንዶች በ16 ዓመት ገደማ እድገታቸውን እንደሚጨርሱ በግምት ይወሰዳል። ከጉልበት በላይ ያለው ሰሌዳ በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በዚህ ስሌት ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ የቆመበት የ12 ዓመት ወንድ ልጅ እግሩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ መጠን ሊያጥር ይችላል፤ በእኩያው ሴት ልጅ ግን ጉድለቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ15 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ከማጠር ስጋት በአመዛኙ ወጥታለች። የሰሌዳው አንድ ወገን ብቻ ከቆመ ግን እግሩ ከማጠር አልፎ ይጣመማል።

ይህ ስሌት ትክክለኛ ዕድሜን ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሕግ መሠረት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በመሆኑ፣ በብዙ የገጠር ቤተሰብ ዘንድ የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በክስተት ነው። ስለሆነም ባለሙያው «ስንት ዓመቱ ነው?» በሚለው ጥያቄ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባ መጀመሯን በአክብሮትና ለብቻዋ መጠየቅ፣ ወንድ ከሆነ የድምፅ መጎርነንንና የሌሎች የጉርምስና ምልክቶችን ሁኔታ ማስተዋል፣ በራጁ ላይም ሰሌዳው ክፍት መሆኑን ማየት ከሚነገረው ቁጥር ይልቅ ይጠቅማል።

በቁርጭምጭሚት ላይ ይህ ዕድሜ የራሱ የሆነ ስብራት አለው። የቅልጥም አጥንት የታችኛው ሰሌዳ የሚዘጋው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ወገን ይሄድና የውጭው ወገን የመጨረሻ ይሆናል፤ ይህም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ እግሩ ከተጠመዘዘ ያልተዘጋው የውጭ ማዕዘን ይገነጠላል። በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በቲዮ ስም የሚጠራው ስብራት ይህ ነው። በኳስ ሜዳ ቁርጭምጭሚቱ «የዞረበት» የ14 ዓመት ልጅ አብጦና መርገጥ ተስኖት ሲመጣ በአንድ አቅጣጫ በተነሳ ራጅ ብቻ ወደ ቤቱ ቢሸኝ፣ በዋና መገጣጠሚያው ላይ ያለው ስብራት ሳይታወቅ ይቀራል።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይደረግ?

ከላይ የተመለከተው ታሪክ ለዛሬው የጤና ባለሙያ የሚያስተላልፈው ትምህርት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በመኸር ወራት ከቡና ለቀማ ላይ ወድቆ እጁን የያዘ ልጅ ወደ አጋሮ ቢመጣ፣ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና ውሳኔው በአብዛኛው የሚሰጠው እዚያው ነው። በመጀመሪያ የደም ዝውውርና የነርቭ ሁኔታ ይመርመር፤ በተለይም በጉልበት አካባቢ በተጎዳ ልጅ የእግር ትርታ ሳይዳሰስ አይታለፍ፤ ከጉልበት ኋላ የሚያልፈው የደም ሥር ከአጥንቱ ጋር ተጠግቶ የሚሄድ ነውና። ቀጥሎ ሕመሙ የት እንደሚያይል በአንድ ጣት ይፈለግ። ሕመሙ ከመገጣጠሚያው መስመር ሳይሆን ከሰሌዳው ላይ ከሆነ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ልጁ ስብራት እንዳለበት ተቆጥሮ ይታሰርና ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ እንደገና ይታይ። ራጁ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ይነሣ፤ ሲያጠራጥርም ጤነኛው ወገን ለማነጻጸሪያ ይነሣ።

ማቃናት ካስፈለገ ሕመሙ በሰመመን ጠፍቶና ጡንቻው ላልቶ፣ ከመግፋት ይልቅ በመሳብ፣ ቢቻል በአንድ ጊዜ ይፈጸም። ከአንድ ሳምንት በላይ ያለፈውን የሰሌዳ ስብራት በኃይል ለመመለስ መሞከር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ እንዲህ ያለው ልጅ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላክ። እብጠት ከተጠበቀ ጄሶው ከነውስጥ ጥጡ እስከ ቆዳው ድረስ በርዝመቱ ይሰንጠቅ፤ አካሉም ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። ቤተሰቡ አንድ ነገር በሚገባ ተረድቶ ይሂድ፦ ጣቶቹ ሲዘረጉ ሕመሙ ከባሰ፣ ከደነዘዙ ወይም መድኃኒት ወስዶም ሕመሙ ካልበረደ፣ ሌሊትም ቢሆን ተመልሰው ይምጡ። የትርታ መጥፋት ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ስለሆነ እስከዚያ መጠበቅ እጅን ሊያሳጣ ይችላል።

መደምደሚያ

ከሦስቱ ዘመናት የቀረው ትልቁ ጉድለት ክትትል ነው። የሰሌዳ ስብራት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይገጥማል፤ ሕክምናው ግን በዚያ አያበቃም። ልጁ በስድስት ወርና በዓመት እንደገና መታየት፣ ሁለቱ አካሎች ጎን ለጎን መለካት አለባቸው። እድገቱ መቆሙ በጊዜ ከታወቀ፣ እንደ ልጁ ዕድሜ፣ በሰሌዳው ላይ የተፈጠረውን የአጥንት ድልድይ ማንሣት፣ የጤነኛውን ወገን እድገት በጊዜ ማስቆም ወይም የተጣመመውን ማቃናት ይቻላል። በ18 ዓመቱ ለሚመጣ ወጣት ግን ከእነዚህ ምርጫዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። የቀጠሮው ቀን ከቡና ለቀማው በኋላ እንዲሆን ማድረግና ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ለቤተሰቡ መስጠት ቀላል ቢመስልም፣ ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ወጌሻውም ከዚህ ሥራ ውጭ ሊደረግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎችን ቁጥር እንደቀነሰ አሳይቷል። እንዲህ ካለው ሥልጠና ሊገኝ የሚገባው ትምህርት ጥቂት ነው፦ አጥብቆ አለማሰር፣ ጣቶችን ሳይሸፍኑ መተው፣ ቀለማቸው ሲለወጥ ፈትቶ ወደ ጤና ተቋም መላክ። በመገጣጠሚያ አጠገብ የተጎዳን ልጅ አለማሸት ቢጨመርበት ደግሞ የእድገት ሰሌዳውም ከዚሁ ይጠቀማል። ወጌሻው በሽተኛውን ተመልሶ የማየት ልማድ አለው፤ ጤና ተቋሙ ራጅና ቀዶ ሕክምና አለው። የልጁ እግር የሚድነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የተጣመመ አጥንትን በቀዶ ሕክምና ከማቃናት ይልቅ በመጀመሪያው ቀን የእድገት ሰሌዳውን ማሰብ ይቀላል። ለዚህም ዛሬ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በጌራ በተረኛነት የተቀመጠው የጤና ባለሙያ በቂ ነው።